መጠይቁ ተሞልቶ የት ይሄዳል?

የማኅበረሰብ ጤና ኮሌጆች ተልእኮ የትም ቢሄዱ ሦስት ነው፤ ማስተማር፣ መመራመር፣ ማኅበረሰብን ማገልገል። ሆሳዕና ላይ የማስተምራቸው ልጆች ሦስቱንም ለፈተና ይሸመድዷቸዋል። የሦስተኛው ክብደት የሚገባቸው ግን መጠይቅ ይዘው ቀበሌ ሲወርዱ ነው።

ተማሪዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ክትባትና ስለ እርግዝና ክትትል ይጠይቃሉ፤ ችግሮቹን በክብደታቸው ቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፤ ዕቅድ ያወጣሉ። ሲቢቲፒ (ማኅበረሰብ ተኮር የሥልጠና መርሐ ግብር) የምንለው ይህንን ነው። በመጨረሻው ዓመት ደግሞ የጤና መኮንኑ፣ የነርሲንጉ፣ የአዋላጅነቱና የላቦራቶሪው ተማሪ ተቀናጅተው ጤና ጣቢያ የሚመደቡበት ቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና መርሐ ግብር) አለ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በደምቢያ ወባ ሕዝብ በጨረሰ ማግስት፣ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር ጤና ኮሌጅ፣ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ በአንድ ቡድን አሰልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ጅማ በኋላ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አደረገው።

እኛ ጋ የሚጎድለው ውጤቱን ለማኅበረሰቡ መመለስ ነው። በተደጋጋሚ የሚጠኑ ቀበሌዎች አሉ፤ ለመንገድ ስለሚቀርቡ። አንዲት እናት የልጆቻቸውን ቁጥር ለጠየቀቻቸው ተማሪ፣ «አምና የመጡት ጽፈውታል ልጄ፤ እነሱን ጠይቂ» ብለዋታል። ተማሪዋ ሳቀች፤ እኔ ግን ትክክል ናቸው እላለሁ። የአምናው ሪፖርት ማርክ ተሰጥቶት መደርደሪያ ላይ ነው፤ ቀበሌው አንድ ገጽ እንኳ አላየም።

ለመጠይቁ የሚሰጠው መልስ እውነትነትም ያጠራጥራል። ተማሪዎቻችን ከመላው አገሪቱ ስለሚመጡ ብዙዎቹ የአካባቢውን ቋንቋዎች፣ ሀድይሳንም ከምባትሳንም፣ አይሰሙም፤ አስተርጓሚያቸው ብዙ ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ሽንት ቤት ቆፍሩ ብላ ስትወተውት በከረመችው ልጅ ፊት «አንጠቀምበትም» የሚል ማን አለ?

ምክራችንም ቢሆን ከጓሮው አይነሳም። በእንሰት አገር የቆጮ ጉልበት ሰጪነት አያጠያይቅም፤ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው፤ ለሕፃን ብቻውን አይበቃም። ተማሪው «የተመጣጠነ ምግብ ስጡ» ብሎ ይሄዳል። ላሟ ደጅ ቆማ ቅቤው ለምን ገበያ እንደሚወጣ፣ ከጎመኑና ከአይቡ ለልጁ ስንት እንደሚደርሰው አይጠይቅም። ለመስቀል አተካናው በቅቤ በሚርስበት ቤት ችግሩ የዕውቀት ብቻ አይመስለኝም፤ የገንዘብም፣ ማን ቀድሞ ይበላል የሚለውም ነው።

ከሕዝቡ መነሳትን ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከምባታ የተወለዱት ቦጋለች ገብሬ አሜሪካ ኤፒዴሚዮሎጂ ሲያጠኑ ቆይተው ተመለሱ። የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቆም ነበር ሐሳባቸው፤ ሕዝቡ ግን ቅድሚያ የሰጠው ለድልድይ ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ገበያ የሚሻገሩበት። ድልድዩን አሠሩ። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ግርዛቱ አደባባይ ላይ፣ ሽማግሌም ወጣትም ባለበት፣ መነጋገር የተቻለው። አብዛኛው ቤተሰብ ይፈጽመው የነበረው ድርጊት በአካባቢው እጅግ ቀነሰ፤ እሳቸውም በ2005 ዓ.ም. የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማት ተቀበሉ። ኮሌጅ ውስጥ የቅድሚያ አሰጣጥ ቀመር እናስተምራለን፤ ቀመሩ ውስጥ ሕዝቡ የሚሰጠው ነጥብ አንድ መስመር ብቻ ነው።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። የመስክ ሪፖርት ላይ ማርክ ከመጻፋችሁ በፊት፣ ተማሪዎቹ ውጤቱን በሀድይሳ ወይም በከምባትሳ አስጽፈው ለቀበሌው ስብሰባ ያንብቡት፤ ቅጂውን ለጤና ኬላው ይተዉት። የሚቀጥለው ባችም አዲስ መጠይቅ ከማባዛቱ በፊት ያንን ቅጂ ያንብብ።