ክሊክ የሚነግድና ዕቃ የሚያሻሽጥ ድረ ገጽ፦ ልዩነታቸውና የሸሪዓ ሚዛን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የዛሬው ርዕሳችን የተነሳው አንዲት እናት ካቀረቡልን ጥያቄ ነው። «ልጄ ሌሊትም ቀንም ኮምፒውተር ላይ ነው። በየወሩ በዶላር ይከፈለዋል፤ ለቤት አስቤዛም ይሰጠኛል። ምን እንደሚሸጥ ስጠይቀው ‹ምንም አልሸጥም፤ ሰው ሲጫን ይከፈለኛል› ይለኛል። ሳይሸጡ የሚመጣ ገንዘብ ሐላል ነው ወይ?» ብለዋል።

አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። ስለሚጎርሱት ጉርሻ መጠየቃቸው የኢማን ምልክት ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ጉዳይ ላይ ብይን ከመስጠት በፊት ጉዳዩን መረዳት ያስፈልጋል። በዚህ መስክ ከሩቅ ሲታዩ አንድ የሚመስሉ፣ ቀርበው ሲያዩዋቸው ግን የሚለያዩ ሁለት ሥራዎች አሉ።

የመጀመሪያው አፊሊየት ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ድለላ ነው። የድረ ገጹ ባለቤት ከሻጭ ድርጅት ጋር ይዋዋልና ስለ ዕቃው ይጽፋል፤ የራሱ መለያ ያለበትን ሊንክም ያስቀምጣል። አንባቢው በዚያ ሊንክ ሄዶ ዕቃውን ሲገዛ ጸሐፊው ከሽያጩ ኮሚሽን ያገኛል። አንባቢው ካልገዛ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያገኝም። ታዋቂው የአማዞን ኩባንያ ይህን አሠራር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ሁለተኛው ክሊክ አርቢትራጅ ይባላል፤ ክሊክ በርካሽ ገዝቶ በውድ መሸጥ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጎግል ነጋዴዎች በክሊክ እየከፈሉ የሚያስተዋውቁበትን አገልግሎት ጀመረ። በ2003 ደግሞ ድረ ገጾች የሌሎችን ማስታወቂያ ለጥፈው ገቢ የሚያገኙበትን አድሴንስን አስከተለ። አርቢትራጅ የሚሠራው ሰው በሁለቱ መካከል ይቆማል። ለምሳሌ አንድን ጎብኚ በ5 ሳንቲም ማስታወቂያ ይጠራል እንበል። 100 ሰው ለመጥራት 5 ዶላር ያወጣል። ከእነዚህ ውስጥ 30ዎቹ ገጹ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ተጭነው በእያንዳንዱ 20 ሳንቲም ቢያገኝ 6 ዶላር ይሆናል። ትርፉ 1 ዶላር ነው።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? ደላላ ገዢውን ዕቃው ያለበት ሱቅ ድረስ ያደርሰዋል፤ የሚከፈለውም ግብይቱ ሲሳካ ነው። ክሊክ የሚነግደው ሰው ግን የሚከፈለው ጎብኚው ገጹን ትቶ በማስታወቂያው በኩል ሲወጣ ነው። ጎብኚው የፈለገውን መልስ እዚያው ካገኘ ማስታወቂያውን ለመጫን ብዙም ምክንያት አይኖረውም። ስለዚህ ብዙዎች ገጹን ሆን ብለው ባዶ ያደርጉታል። «ለበሽታዎ መድኃኒት እዚህ አለ» ብለው ይጠሩና ማስታወቂያ ብቻ ያሳያሉ። ማስታወቂያውን ጽሑፍ አስመስለው የሚያቀርቡም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ጎግል ራሱ የብዙ እንዲህ ያሉ ገጾችን የአድሴንስ ሂሳብ መዝጋቱ ይታወሳል። ሥራው ግን አልጠፋም። በ2023 የአሜሪካ የማስታወቂያ አስነጋሪዎች ማህበር ባወጣው ጥናት፣ ከተመረመረው የማስታወቂያ ወጪ 15 በመቶው ለማስታወቂያ ብቻ ተብለው ለተሠሩ ገጾች የሄደ ነበር።

ወደ ሸሪዓችን እንመለስ። የድለላ ክፍያ በፊቅህ የታወቀ ነው። ኢማም አል-ቡኻሪ በሶሒሕ ኪታባቸው ስለ ደላላ ክፍያ ለብቻው ርዕስ ከፍተው፣ ከታቢዒዮች መካከል እንደ ኢብኑ ሲሪን ያሉት ችግር እንዳላዩበት አስፍረዋል። በሱረቱ ዩሱፍም የጠፋውን የንጉሥ መስፈሪያ ላመጣ የግመል ጭነት ሽልማት ቃል መገባቱ ተወስቷል። ስለዚህ አፊሊየት በመሠረቱ የተፈቀደ ነው፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ዕቃው ሐላል ይሁን፤ የወለድ ብድር፣ ቁማርና አስካሪ መጠጥ ማሻሻጥ አይፈቀድም። ያላየውን ዕቃ እንደሞከረ አድርጎ አያወድስ። ኮሚሽን እንደሚያገኝም ለአንባቢው ይንገር።

ክሊክ መነገድስ? በርካሽ ገዝቶ አትርፎ መሸጥ በራሱ ሐራም አይደለም። ጠቃሚ ጽሑፍ አዘጋጅቶ በማስታወቂያ አንባቢ የሚጠራ ሰው አላታለለም። ሐራም የሚያደርገው ማታለሉ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ፣ ነጋዴውን እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠይቀው፣ የሚያታልልን ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠንቅቀዋል። ላዩ ያማረ ርዕስ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ገጽም ያው ነው። በራሱ ገጽ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ራሱ የሚጫን ወይም ጓደኞቹን የሚያስጫን ደግሞ የአስተዋዋቂውን ገንዘብ ያለ ሐቅ ይበላል።

እናታችን ሆይ፣ ልጅዎን አይጠርጥሩት፤ በእርጋታ አጠገቡ ይቀመጡና ሦስት ነገር ይጠይቁት። ገጽህ ላይ የገባ ሰው የተባለውን ያገኛል ወይ? የሚታየው ማስታወቂያ የምንድን ነው? አንተ ወይም ጓደኞችህ ትጫናላችሁ ወይ? መልሱ ንጹህ ከሆነ አልሐምዱሊላህ፣ ይብሉ፣ ዱዓም ያድርጉለት። ካልሆነ ሙያው አለውና ገጹን ያስተካክል፤ ሐላል የሆነ የማስታወቂያ ዓይነት ይምረጥ፤ ያለፈውን ደግሞ ዝርዝሩን ይዞ ዓሊም ዘንድ ይቅረብ። የተውበት በር ክፍት ነው።

አላህ በሐላሉ አብቃቅቶ ከሐራሙ ይጠብቀን፤ በልጆቻችን ሪዝቅ ላይ በረካውን ያውርድ። አላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።