አረጋዊ ወላጅ ሲሸኝ የእጅ ቦርሳው ይታሰብበት

በ2011 ዓ.ም. እናቴ ዋሽንግተን የምትኖረውን እህቴን ለመጠየቅ ስትነሳ፣ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣዎች ለመሙላት ሳምንት ፈጅቶብናል፡፡ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹና ቡናው ተመዝኖ፣ ተጠቅልሎ ገባ፡፡ የእጅ ቦርሳዋን ግን ልብ ያለው አልነበረም፡፡ የደም ግፊት ክኒኗ እንኳ “እንዳይጠፋ” ተብሎ በትልቁ ሻንጣ ውስጥ ሽሮው ሥር ተቀመጠ፡፡

እናቴ ደረሰች፤ ሻንጣው ግን ሦስት ቀን ዘግይቶ መጣ፡፡ የኢትዮጵያ ሐኪም የጻፈው ማዘዣ እዚያ ፋርማሲ ስለማይሠራ እህቴ ክሊኒክ ወስዳ እንደ አዲስ አስመረመረቻት፡፡ በዚያን ጊዜ ግፊቷ ከፍ ብሎ ነበር፡፡ ከዚያ ወዲህ ወላጁን የሚሸኝ ወዳጅ ሲያማክረኝ፣ “ሻንጣው የልጆች ነው፤ እናትህን የሚያደርሳት የእጅ ቦርሳው ነው” እለዋለሁ፡፡ የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ውድ አይደሉም፡፡

የመጀመሪያው መድኃኒት ነው፡፡ ለቆይታው ሁሉ የሚበቃው፣ መጠባበቂያም ተጨምሮበት፣ ከነማሸጊያው በእጅ ይያዝ፡፡ የንግድ ስም ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ ሐኪሙ የበሽታውን ዓይነትና የመድኃኒቱን ሳይንሳዊ ስም በእንግሊዝኛ ጽፎ ቢሰጥ መልካም ነው፡፡ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች በተለይ ሊጠነቀቁ ይገባል፡፡ ኢንሱሊን በጭነት ክፍል ውስጥ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ደግሞ ቢሟሟም መጠቀም አይገባም፡፡ በእጅ በሚያዝ ፈሳሽ ላይ የተጣለው የ100 ሚሊ ሊትር ገደብ ለሕክምና የሚያስፈልግ ፈሳሽን አይመለከትም፤ በፍተሻ ላይ አውጥቶ ማሳየት ግን ያስፈልጋል፡፡

ከዚሁ ጋር በቀንና በሰዓት የተከፋፈለች የክኒን ሳጥን ትግዛ፡፡ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፡፡ በዚህ ላይ የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ሲጨመርበት ክኒን መደራረብ ወይም መዝለል ቀላል ነው፡፡ የመሸጋገሪያውን ሰዓት አስቀድሞ ከሐኪም ጋር መነጋገርና አንድ የእጅ ሰዓት በአዲስ አበባ ሰዓት እንደተሞላ መተው ይጠቅማል፡፡

ሁለተኛው የእግር ጉዳይ ነው፡፡ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚደረገው በረራ ከ13 ሰዓት በላይ ይወስዳል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ጥናት፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል፡፡ አደጋው በጥቅሉ ከ6,000 መንገደኞች አንዱን የሚያገኝ ነው፡፡ ነገር ግን ዕድሜው ለገፋ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ወይም ቀደም ሲል ደም ረግቶበት ለሚያውቅ ሰው ከፍ ይላል፡፡ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል፡፡

ለዚህ የሚረዳው እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ ብሎ ወደ ላይ እየላላ የሚሄድ ካልሲ ነው፡፡ እግር ተለክቶ መገዛት አለበት፤ ልኩ ያልሆነ ካልሲ ይጎዳል፡፡ የስኳር ሕመም ወይም የእግር ደም ዝውውር ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አያድርገው፡፡ ካልሲ ብቻውንም አይበቃም፡፡ በመተላለፊያው በኩል ያለ መቀመጫ መጠየቅ፣ በየሰዓቱ መነሳትና ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል፡፡

ብዙዎች ወላጆቻቸውን የሚያደክማቸው የከፍታው አየር ይመስላቸዋል፡፡ በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ግን ብዙ ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል፡፡ አዲስ አበባ ራሷ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፡፡ ለአዲስ አበባ ሰው ይልቅ የሚከብደው መቀመጡና የአየሩ ድርቀት ነው፡፡ ስለዚህ ፍተሻ ካለፉ በኋላ ውኃ የሚሞላ ባዶ ኮዳ፣ ለከንፈር ትንሽ ቫዝሊን፣ ለብርድ ነጠላ ወይም ስስ ጋቢ፣ ሳይጎነብሱ የሚያወልቁት ጫማ ይያዝ፡፡

ሦስተኛው መራመጃ ነው፡፡ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ ጫፉ ጎማ የሆነ ምርኩዝ ይጠቅማል፡፡ ተሽከርካሪ ወንበር ደግሞ ትኬት ሲቆረጥ፣ ቢዘገይ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ይታዘዝ፡፡ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ለዚህ አያስከፍሉም፡፡ እናቴ ስንነግራት “እኔ ሽባ ነኝ እንዴ?” ብላ ተቆጥታ ነበር፡፡ ወንበሩ መራመድ ላልቻለ ብቻ እንዳልሆነ፣ ረጅም ሰልፍ መቆም ለሚከብደውም እንደሆነ ማስረዳት የልጅ ፋንታ ነው፡፡ ወንበሩን የሚገፋው ሠራተኛ ቋንቋ ለማይችል መንገደኛ መንገድ መሪም ነው፡፡

በመጨረሻ አንድ ወረቀት፡፡ በአንድ ገጹ በአማርኛ፣ በሌላው በእንግሊዝኛ የመንገደኛው ስም፣ የሚያርፍበት አድራሻ፣ የተቀባዩ ስልክ፣ ሕመሙና መድኃኒቱ ይጻፍበት፡፡ ከፓስፖርቱ ጋር አንገት ላይ በሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ይቀመጥ፡፡ ስልክ ባትሪው ያልቃል፤ ወረቀት ግን አያልቅም፡፡

እናቴ በ2015 ዓ.ም. ዳግም ስትሄድ የእጅ ቦርሳዋን ከሁሉ አስቀድመን አዘጋጀን፡፡ ወንበሩንም ሳታጉረመርም ተቀመጠችበት፡፡ ሻንጣው ያን ጊዜም ቢዘገይ ኖሮ፣ የሚዘገየው በርበሬው ብቻ ነበር፡፡