ጀልባ የት ይደር?

አዲስ አበባ፣ አስኮ ላይ ሚኒባሱን የሚያሳድር ሾፌር የሚጨነቀው ስለ ዘበኛ ነው። ጣና ላይ ጀልባ የሚያሳድር ሰው ግን አስቀድሞ ነፋሱን ይጠይቃል።

የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲመታው ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ይሆንና ትንሽ ጀልባን እንደ ሰፌድ ያንገዋልላታል። ማለዳ መስታወት የመሰለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ የሚረበሸው ፀሐይ የብሱን ከውኃው ቀድማ ስለምታሞቅና ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር ስለሚነፍስ ነው። ሌሊት ደግሞ የብሱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ አቅጣጫው ይገለበጣል። በክረምት ሐይቁ ላይ ዝናቡም ሌሊት ይበረታል፤ የጥሩ ማደሪያ ዋጋ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ማዕበል የሚያድገው መንደርደሪያ፣ ማለትም ነፋሱ ሳይከለል የሚገፋው ክፍት ውኃ፣ ሲያገኝ ነው። ከዘጌ ልሳነ ምድር ወይም ከደቅ ደሴት ጀርባ፣ ነፋሱ ከወዲያ ማዶ እስከመጣ ድረስ፣ መንደርደሪያው ይቆረጥበታል። በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል ይመላለስ የነበረው የሕዝብ ጀልባም ጉዞውን በአንድ ቀን አይጨርስም ነበር፤ በምዕራቡ ዳር ቁንዝላ ላይ አድሮ በማግስቱ ይቀጥል ነበር።

ጥግ ተገኘ ማለት ግን ጀልባው ታሰረ ማለት አይደለም። የመልሕቁ ገመድ ከውኃው ጥልቀት አምስት እጥፍ፣ ነፋስ ከተፈራ ሰባት እጥፍ መለቀቅ አለበት። ለ3 ሜትር ጥልቀት 21 ሜትር ገመድ! ብዙ ይመስላል። ረጅም ገመድ ግን መልሕቁን ወደ ጎን ስለሚስበው ጭቃው ውስጥ ይቀብረዋል፤ አጭሩ ሽቅብ ይነቅለዋል። ነፋሱ ሲዞር ጀልባውም በገመዱ ልክ ስለሚዞር፣ ዙሪያው ከድንጋይና ከሌላ ጀልባ ነፃ መሆን አለበት።

ጸጥታው የራሱ ጣጣ አለው። ነፋስ የማይደርስበት፣ ቄጠማ የከበበው ጥግ ለወባ ትንኝም ይመቻታል፤ ያለ አጎበር እንቅልፍ የለም። በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ የታየው እምቦጭም በነፋስ እየተገፋ የሚጓዝ አረም ነው፤ ማታ ክፍት የነበረው መውጫ ጠዋት አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጥፎበት ሊገኝ ይችላል።

የደንገል ታንኳ ባለቤት በዚህ ሁሉ አይደክምም። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ሥራው ሲያልቅ ታንኳዋን ጎትቶ ወደ የብስ ያወጣትና እንድትደርቅ ያቆማታል።