አጠና ተራ፦ ከአባት ለልጅ የተላለፈ ንግድ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ «አጠና ተራ» የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ያወጣለት ንግዱ ነው። አጠና ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀጭንና ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ የሚቆመው በእሱ ነው።

ይህ እንጨት ከየት መጣ? አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰው በዛ፤ እንጨት ግን አነሰ። አፄ ምኒልክ ከተማውን ትተው ወደ ምዕራብ ሊሄዱ አስበው ነበር። በ1893 ገደማ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ከተማችንን ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ወደ እኛ የመጣው በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ቶሎ ያድጋል። ቢቆርጡት ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ዛፉ ባይኖር ንግዱም ባልኖረ።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዋናው ገበያ ከአራዳ ወደ መርካቶ ተዛወረ። ኮልፌ ደግሞ የመርካቶ ጎረቤት ናት። ገበያ ሲመጣ ሰው ይመጣል፤ ሰው ሲመጣ ቤት ይሠራል። ቤት ሲሠራ እንጨት ሻጭ እንጀራ ያገኛል።

ሥራው የቤተሰብ ሥራ ነው። አባት ገጠር ወርዶ ዛፉን በቁሙ ይገዛል። ሜትር አይዘረጋም፤ በዓይኑ ይለካል። ይህ ለማገር፣ ያ ለቋሚ ይሆናል ይላል። ግምቱ ከሳተ የዓመቱ ትርፍ ጠፋ ማለት ነው። እሱ ገጠር ሲሆን ግቢውን የምትጠብቀው እናት ናት። ገዢ ታነጋግራለች፣ እንጨት ትቆጥራለች። ልጆች ቅርፊት ይልጣሉ። ቅርፊት የሚላጠው እንጨቱ እርጥብ ሳለ ነው፤ ከደረቀ በኋላ አስቸጋሪ ነው።

መሸጥ ግን ሲደርቅ ነው። እርጥቡ በኋላ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ምርጊቱም ይፈነዳል። መሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት መለብለብ ምስጥን ያዘገያል። ይህን ለገዢው የሚነግር ነጋዴ ደንበኛ አያጣም። እርጥቡን እንደ ደረቅ አድርጎ የሚሸጥም አይጠፋም፤ እኛም እንዲህ ተታለን ግድግዳችንን ሁለት ጊዜ መርገናል።

ሌላው ከባድ ነገር ዱቤ ነው። ብዙ ሰው ቤት የሚሠራው በዕቁብ ብር ነው። «ጋሼ፣ ቀሪውን ዕቁብ ሲደርሰኝ» ይላል ገዢው። ፊደል ያልቆጠረ አባት ዕዳውን በልቡ ይይዝ ነበር። እሱ ቢታመም ዕዳውን ማን ያውቃል? ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ደብተር መያዝ ሲጀምር ነው ቤቱ ያረፈው።

ከዚያ 1967 መጣ። በየካቲት የገጠር መሬት፣ በሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። ዛፍ ለነጋዴ ይሸጥ የነበረው ባለ ርስት ከመሬቱ ተለየ። በ1968 ደግሞ የግል ነጋዴ ካፒታል በሕግ ተወሰነ። አባት ትልቅ መጋዘን ሠርቶ ለልጆቹ ላውርስ ቢል እንኳ መንገዱ ጠበበ። ያወረሰው ዓይኑንና ደንበኞቹን ነው። ይህ ግን በአዋጅ አይወሰድም።

ከ1983 በኋላ ንግዱ ተለቀቀ። አዲስ ተፎካካሪም መጣ፤ ብሎኬት። ከ1997 ገደማ ጀምሮ ደግሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በሲሚንቶና በፌሮ በብዛት ተሠሩ። ለማገር የሚሆን እንጨት የሚፈልገው ሰው ቀነሰ። አጠና ግን ከፎቅ ሥራ አልወጣም፤ ግንበኛ የሚቆምበት መወጣጫ ሆነ። የብረት መወጣጫም ከጎኑ መጣ።

ልጆቹም ዘዴ ፈለጉ። ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ ሞራሌና ጣውላ ጨመሩ። ፌሮ ከመንገዱ ፊት፣ አጠና ከጓሮ ሆነ። አባት «እንጨቱን አትተዉ» ይላል። ልጅ «አባዬ፣ ገዢው የሚጠይቀው ብረት ነው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ክርክሩ ገና አላለቀም፤ አጠናውም ከጓሮ አልተነሳም።