በሰው አካል ላይ ጉዳት ሲደርስ፦ የካሣ አጠያየቅና የነጋዴው ኃላፊነት

በንግድ ሥራ የተሰማራ ሰው ስለ ቀረጥ፣ ስለ ግብርና ስለ ዋጋ መውጣትና መውረድ ዘወትር ያስባል፤ ከባልደረቦቹም ጋር ይመክራል። የብዙ ዓመት ጥሪቱን በአንድ ቀን አደጋ ሊያናጋበት ስለሚችለው ዕዳ ግን እምብዛም አያስብም። ይህም ዕዳ በመኪናው፣ በመጋዘኑ፣ በሱቁ ወይም በሠራተኛው ምክንያት በሰው ሕይወትና አካል ላይ ጉዳት በደረሰ ጊዜ የሚከፈለው ካሣ ነው።

በገበያ ዘንድ «ጥፋት የሌለበት ሰው ዕዳ የለበትም» የሚለው አስተሳሰብ እጅግ የተለመደ ነው። አስተሳሰቡ ለኅሊና የሚስማማ ቢመስልም በሕግ ዓይን ሲታይ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ባለንብረቱ አንዳች ጥፋት ሳይሠራ የሚከፍልበት ጊዜ አለና፤ በሌላም በኩል ተጎጂው እውነተኛ ጉዳት ደርሶበት ሳለ በማስረጃ ጉድለት ወይም በጊዜ ማለፍ ምክንያት ያለ ካሣ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የካሣን ሥርዓት ማወቅ ለከፋዩም ለተቀባዩም ይጠቅማል።

የሕጉ መሠረት

በኢትዮጵያ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚደነግገው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የዚህን ሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ስለ ጉዳት ካሣ የሚናገረው ክፍል ከቁጥር 2027 ጀምሮ ይገኛል። ከዚያ አስቀድሞ የጉዳትና የደም ካሣ በየአገሩ ልማድ፣ በሽማግሌዎች ፊት ይወሰን ነበር። የሽምግልናው ልማድ እስከ ዛሬ ባይጠፋም፣ የካሣው መብትና ልክ የሚመዘነው በዚሁ ሕግ ነው።

ሕጉ ለኃላፊነት ሦስት በሮች ከፍቷል። አንደኛው፣ ሰው በራሱ ጥፋት በሌላው ላይ ጉዳት ሲያደርስ ነው። ጥፋት ሲባልም ታስቦ የተደረገ ክፋት ብቻ ሳይሆን ቸልተኝነትን፣ እንዲሁም ማድረግ የሚገባን ነገር ሳያደርጉ መቅረትን ይጨምራል። ሁለተኛው፣ ጥፋት ባይኖርም ከሚሠራው ሥራ ወይም በእጁ ካለው ንብረት የተነሣ ሕግ ኃላፊ ሲያደርገው ነው። ሦስተኛው፣ ሌላ ሰው ስላደረሰው ጉዳት መልስ መስጠት ሲገባው ነው። ነጋዴውን ሳያስበው የሚይዙት ሁለተኛውና ሦስተኛው በሮች ናቸው።

ያለ ጥፋት የሚመጣ ኃላፊነት

በሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት የመኪና ወይም የሌላ ሞተር ያለው ተሽከርካሪ ባለቤት፣ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ ነው። መኪናውን የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም፤ የሚድነው መኪናው አደጋውን ባደረሰበት ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ያስረዳ እንደሆነ ነው። የጭነት መኪና ገዝቶ ለሾፌር የሰጠ ነጋዴ «እኔ በስፍራው አልነበርሁም» ቢል መከላከያ አይሆነውም። ሁለት መኪኖች የተጋጩ እንደሆነ ደግሞ፣ አደጋው በሙሉ ወይም በአመዛኙ በአንደኛው ነጂ ጥፋት የደረሰ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ የሁለቱ ባለቤቶች ጉዳቱን እኩል ይካፈላሉ።

የሕንፃም ነገር እንደዚሁ ነው። የቤት ወይም የመጋዘን ባለቤት፣ አደጋው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ይጠየቃል። ከሕንፃው ላይ የወደቀ ዕቃ ጉዳት ያደረሰ እንደሆነ የሚጠየቀው በቤቱ የሚሠራበት ወይም የሚኖርበት ሰው ስለሆነ፣ ሱቅ ተከራይቶ የሚነግድ ሰው «ቤቱ የእኔ አይደለም» ሊል አይችልም። እንደዚሁም የሚፈነዳ ወይም መርዛም የሆነ ነገር የሚያከማች ሰው፣ ከዚህ የተነሣ አደጋ በደረሰ ጊዜ ኃላፊ ነው።

በእነዚህ ጉዳዮች ባለንብረቱ ጥፋት አለመሥራቱን፣ የአደጋው ምክንያት ሳይታወቅ መቅረቱን ወይም ሌላ ሰው ምክንያት መሆኑን ቢያስረዳ አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በራሱ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ መሆኑን ማስረዳት ብቻ ነው። የሕጉም አስተሳሰብ ግልጽ ነው፤ ከንብረቱ ትርፍ የሚያገኝ ሰው ንብረቱ የሚያመጣውን አደጋም ይሸከም ማለት ነው።

አስመጪዎችና ቸርቻሪዎች ሌላም ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለሕዝብ የሚሸጥ ዕቃ ሠርቶ የሚያቀርበው አምራች፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንዲሆን ደንግጓል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ግን ከዚህ አልፎ፣ የተጎዳው ሸማች ከአምራቹ፣ ከአስመጪው፣ ከጅምላ ሻጩና ከቸርቻሪው በአንድነት ወይም በተናጠል ካሣ እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል። የሩቅ አገር አምራች በማይገኝበት ጊዜ ተጎጂው ወደ ቅርቡ ሻጭ መምጣቱ የታወቀ ስለሆነ፣ ሻጩ ዕቃውን ከማን እንደገዛ የሚያሳይ ደረሰኝ ሊኖረው ይገባል።

ስለ ሠራተኞች

የሠራተኛ ጉዳይ ሁለት መልክ አለው። በመጀመሪያ፣ ሠራተኛው ሥራውን በሚሠራበት ጊዜ በጥፋቱ ሌላውን ሰው የጎዳ እንደሆነ አሠሪው ስለ እርሱ ይጠየቃል። ይህም ቢሆን ሠራተኛው ራሱ ስለ ጥፋቱ ከመጠየቅ ነጻ አይወጣም።

ሁለተኛው፣ ሠራተኛው ራሱ በሥራ ላይ ሲጎዳ ነው። ይህንን የሚገዛው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ሰክሮ በሥራ ላይ መገኘትና በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስም እንደዚሁ ይታያሉ። ስለዚህ መመሪያውን በቃል ብቻ ከመናገር ይልቅ በጽሑፍ ለሠራተኞች ማስታወቅ ለአሠሪው መከላከያ፣ ለሠራተኛውም ደኅንነት ይሆናል።

አደጋ በደረሰ ጊዜ አሠሪው የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጠት፣ ተጎጂውን ወደ ቅርብ የሕክምና ስፍራ ማድረስና አደጋውን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ግዴታው ነው። የሕክምናውንና የመድኃኒቱን ወጪ፣ ሰው ሠራሽ አካል ካስፈለገም የእርሱን ዋጋ ይሸፍናል። ሠራተኛው ከሥራ በቀረበት ጊዜ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ ለሚቀጥሉት 3 ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ ወዲያ ላሉት 6 ወራት 50 በመቶ ይከፈለዋል።

ለምሳሌ ያህል በወር 6,000 ብር የሚከፈለው የመጋዘን ሠራተኛ ለ5 ወራት ከሥራ ቢቀር፣ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት 18,000 ብር፣ ለቀሩት 2 ወራት 9,000 ብር፣ በድምሩ 27,000 ብር ያገኛል ማለት ነው። በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ለዘለቄታው ፈጽሞ መሥራት የማይችል ቢሆን፣ አሠሪው የሚከፍለው የዓመት ደመወዙን 5 እጥፍ ነው፤ በዚሁ ምሳሌ 360,000 ብር ይደርሳል። ጉዳቱ በከፊል እንደሆነ ካሣው የሚሰላው እንደ ጉዳቱ መጠን ነው። በሐኪሞች ቦርድ 30 በመቶ ተብሎ ቢወሰን 108,000 ብር ይሆናል። ይህንን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከአነስተኛ ሱቅ መንቀሳቀሻ ላይ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

ካሣው እንዴት ይሰላል?

ከሠራተኛነት ውጭ በሆነው ጉዳይ የሕጉ መሠረታዊ ደንብ አጭር ነው፤ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። ተጎጂው ከጉዳቱ እንዲያተርፍበት አይፈቀድም፤ እንዲከስርበትም አይገባም። ስለዚህ የሚቆጠሩት የሕክምና ወጪ፣ በሕመሙ ጊዜ የቀረ ገቢ፣ እንዲሁም ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት ናቸው። ልኩ በትክክል ሊታወቅ ያልቻለ እንደሆነ ዳኞች በርትዕ ይወስናሉ።

አንድ እንጨት ሠሪ በሱቅ ደጃፍ ሲያልፍ የተደረደረ ጆንያ ወድቆበት እግሩ ተሰበረ እንበል። ለሕክምና 24,000 ብር አወጣ፤ በወር 12,000 ብር የሚያገኝበትን ሥራ ለ4 ወራት አቋርጦ 48,000 ብር ቀረበት። ጠቅላላው 72,000 ብር ነው። እንዳይታለፍበት በገመድ የተከለለውን ስፍራ ጥሶ የገባ መሆኑ ተረጋግጦ፣ ከጥፋቱ ሩብ ያህሉ የእርሱ ነው ቢባል፣ የሚያገኘው 54,000 ብር ይሆናል። የሕሊና ጉዳት ካሣ ከዚህ የተለየ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። በክስ ላይ ትልቁ ክርክር ስለ ገቢና ስለ ሕክምና ወጪ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ተጎጂው የሞተ እንደሆነ ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ልጆች ስለ ቀረባቸው መተዳደሪያ ካሣ መጠየቅ ይችላሉ። ይህም በየጊዜው በሚሰጥ ቀለብ መልክ ሊወሰን ይችላል።

ማስረጃና የጊዜ ገደብ

ካሣ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ መድረሱን፣ ልኩንና ተከሳሹ ኃላፊ የሚሆንበትን ምክንያት የማስረዳት ግዴታ አለበት። የሐኪም የምስክር ወረቀት፣ የሕክምናና የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የትራፊክ ፖሊስ ያነሣው ንድፍ፣ የምስክሮች ቃል፣ ገቢን የሚያሳይ የደመወዝ መዝገብ ወይም የግብር ደረሰኝ ዋጋ የሚኖራቸው በዚህ ጊዜ ነው። በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ሰዎች ገቢያቸውን በጽሑፍ ማስረዳት ስለማይችሉ ካሣቸው ያንስባቸዋል። ለቀን ሠራተኛ የከፈለውን ገንዘብ በመዝገብ የሚጽፍ ነጋዴ ለራሱም ለሠራተኛውም መልካም ያደርጋል።

ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ይህ ጊዜ ካለፈ ተከሳሹ ይርጋን መከላከያ ሊያደርገው ይችላል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ግን የሚሠራው ረዥሙ ጊዜ ነው። ከሥራ ውል የሚነሣው ክስ የራሱ የይርጋ ዘመን ስላለው ሠራተኛ የሆነ ተጎጂ በ2 ዓመቱ ተማምኖ መዘግየት የለበትም። ለዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ድኻም በድኽነት ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ ይችላል።

መድንና ዕርቅ

የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ ሆነ፤ ይህም በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተክቷል። ያለ መድን መኪና መንዳትም ማስነዳትም ክልክል ነው። ሆኖም መድኑ ወሰን አለው። ፍርድ ቤት የወሰነው ካሣ በውሉ ከተጻፈው ወሰን የበለጠ እንደሆነ ትርፉን የሚከፍለው ባለመኪናው ነው። ስለዚህ ነጋዴው በመድን ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ወሰን ማንበብ፣ አነስተኛ ሆኖ ካገኘውም ተጨማሪ መድን መግባት ይገባዋል። የመኪናው መድን መጋዘኑንና ሱቁን እንደማይሸፍንም ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ለሠራተኞች ጉዳትና ለሌሎች ሰዎች ጉዳት ራሱን የቻለ መድን አለ። በሌላም በኩል ተጎጂው የራሱ መድን አለው ተብሎ ካሣ አይከለከልም።

ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ባለጉዳዮቹ በስምምነት መታረቅ ይችላሉ፤ በሽማግሌ ፊት የሚደረገው ዕርቅም ጊዜንና ወጪን ያድናል። ነገር ግን የስምምነቱ ቃል በጽሑፍ ይሁን፤ የተከፈለው ገንዘብ ለየትኛው ጉዳት እንደሆነ፣ ወደፊት ለሚያስፈልገው ሕክምና ማን እንደሚከፍል ይገለጽበት፤ ምስክሮችም ይፈርሙበት። ተጎጂው ገና በሕክምና ላይ ሳለ፣ የጉዳቱ ልክ ሳይታወቅ በችኮላ የሚደረግ ዕርቅ ለሁለቱም ወገን ሌላ ክርክር ያመጣል። የመድን ድርጅት ካለም ሳይነገረው ውል መዋዋል መድኑን ሊያሳጣ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው፣ ከቤተ ሰብ ጋር መታረቅ በዐቃቤ ሕግ የሚቀርበውን የወንጀል ክስ በራሱ እንደማያስቀር ነው፤ ቅጣቱን ለማቅለል ግን ምክንያት ሊሆን ይችላል። እንደዚሁም ሾፌሩ በወንጀል ነጻ ቢወጣ የካሣው ክስ ወደቀ ማለት አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ዳኛ በዚያ ውሳኔ አይታሰርም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደተባለው፣ የጆንያ አደራደርን ማስተካከል፣ የመኪናን ፍሬን በጊዜው ማስመርመር፣ ለጫኝና አውራጅ ጓንትና ጫማ መስጠት፣ የመድን ውልን ሳያቋርጡ ማሳደስ ከካሣ ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ወጪ ናቸው። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ እንደ ኪራይና እንደ መጓጓዣ ሁሉ ከንግዱ ወጪ ውስጥ ተቆጥሮ በዓመቱ መጀመሪያ ሊመደብ ይገባል።