ወጣቱና ውሳኔው

ሰው በሕይወቱ ከሚወስናቸው ነገሮች ከባድ ከባዶቹ የሚመጡት ጠባዩ ገና ሳይጠና ነው። የትምህርት ክፍል መምረጥ፣ ጓደኛ መያዝ፣ ለመጠጥና ለሱስ እሺ ወይም እምቢ ማለት፣ ፍቅርና ፖለቲካ፣ ይህ ሁሉ ከ15 እስከ 22 ዓመት ባለው ዕድሜ ተደራርቦ ይመጣል። ታላላቆቻችን ስንሳሳት ሲያዩ «ልጆች ናቸው፤ ዕውቀት ይጎድላቸዋል» ይሉናል። ይህ አባባል ግን ከግማሽ የበለጠ እውነት የለውም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ባለማወቁ ሳይሆን በወሰነበት ሰዓትና በአጠገቡ በነበሩት ሰዎች ምክንያት መሆኑን ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ኬንያን ጨምሮ በ11 አገሮች ከ10 እስከ 30 ዓመት የሆናቸውን ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎች መርምሯል። በእርጋታ ማሰብና ማመዛዘን በ16 ዓመት ገደማ ከጎልማሳ ጋር ይስተካከላል፤ ራስን መግታት ግን ከ18 ዓመትም አልፎ ማደጉን ይቀጥላል። ከግንባራችን ጀርባ ያለውና ስሜትን የሚገታው የአንጎል ክፍል በደንብ የሚጠናው በሃያዎቹ ዓመታት አጋማሽ ገደማ ነው። ደስታንና ሽልማትን የሚሻው ክፍል ግን በጉርምስና ጊዜ ቀድሞ ይነቃል። ፈረሱ ቀድሞ ጎለመሰ፤ ልጓሙ ዘገየ ማለት ነው።

ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 306 ሰዎችን በኮምፒዩተር የመኪና ጨዋታ ፈትነዋል። የትራፊክ መብራቱ ቢጫ ከሆነ በኋላ እየነዱ በቆዩ ቁጥር ነጥብ ይጨመራል፤ ድንገት ከግድግዳ ጋር ቢጋጩ ግን ያገኙትን ያጣሉ። አንዳንዶቹ ብቻቸውን፣ ሌሎቹ ሁለት እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሆነው ተጫወቱ። 24 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ዘንድ የእኩያ መኖር ለውጥ አላመጣም። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉት ግን በእኩያ ፊት ድፍረታቸው እጥፍ ያህል ሆነ። ከ18 እስከ 22 ዓመት ያሉት፣ ማለትም የእኛው እኩዮች፣ በግማሽ ያህል ጨመሩ። ልብ እንበል፤ በእኩያ ፊት የተቀመጠው ወጣት ብቻውን ከተቀመጠው ያነሰ ዕውቀት አልነበረውም። የተለወጠው እኩዮቹ በአጠገቡ መኖራቸው ነው።

ይህን ወደ ግቢያችን ሕይወት እናምጣው። የትምህርት ክፍል መምረጫውን በመኝታ ክፍል ተሰብስበን ስንሞላ፣ ሒሳብ የሚወደው ልጅ «ሁላችን አንድ ላይ እንግባ» በሚል ቃል ተስቦ የማይወደውን ይመርጣል። ምርጫው የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው፤ የሚኖርበት ግን አራትና አምስት ዓመት ነው። በስብሰባም እጃችንን የምናወጣው ብዙ ጊዜ ነገሩን መርምረን ሳይሆን የጎረቤታችን እጅ ሲነሣ አይተን ነው። ሌሊት በስልክ የተላከ የቁጣ መልስም ጠዋት ቢጸጸቱበት የላኩት ሰው አንብቦታል።

ይሁን እንጂ ከጓደኛ እንሽሽ ማለታችን አይደለም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ፣ አንዱ ለሌላው ብርታት ባይሆነው ኖሮ ብቻውን የሚደፍር ጥቂት በሆነ ነበር። እኩያ ድፍረትን ይሰጣል፤ ድፍረቱ የት እንደሚውል ግን አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ስሜትም ቢሆን ጠላት አይደለም። ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር በ1990 እ.ኤ.አ. የስሜት ብልህነት ሲሉ የገለጹት፣ የራስንና የሌላውን ስሜት ማስተዋል፣ አንዱን ከሌላው መለየትና ለማሰብ መሪ ማድረግ ነው። ስሜትን ማፈን አላሉም። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናትም ስሜትን በስሙ መጥራት በአንጎል ውስጥ የሚነሣውን የስሜት ግለት እንደሚያበርደው አሳይቷል። በዚህ ረገድ ቋንቋችን አልደኸየም፤ ቁጣ፣ ቅናት፣ ኀፍረት፣ ቂም፣ ይሉኝታ እያለ ለያይቶ ሰጥቶናል። «ተናደድኩ» የምንለው ብዙ ጊዜ ኀፍረት ነው፤ «ፈልጌ ነው» የምንለውም አንዳንዴ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታን ፈቃድ ነው ብሎ የተቀበለ ሰው የሌላውን ውሳኔ እንደ ራሱ ተሸክሞ ይኖራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ የማይመለስ ነገር ሲገጥመን ውሳኔውን እናሳድረው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላልና። ሽማግሌዎቻችን የተጣሉትን ሲያስታርቁ ቀጠሮ መስጠታቸው አንዱ ጥቅሙ ቁጣ እንዲበርድ ነው። ሁለተኛ፣ ምክንያታችንን አስቀድመን ብቻችንን ሆነን በወረቀት እንጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ለጓደኞቻችን እናንብብላቸውና እንምከር። ምክር መልካም የሚሆነው የሚመከረው ሰው የራሱን አሳብ ይዞ ሲመጣ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ጓደኛችን «ላስብበት» ሲል አንሳቅበት። በዚያ ጨዋታ ላይ ወጣቱ ይበልጥ የደፈረው እኩዮቹ አጠገቡ በነበሩ ጊዜ ነው። በየመኝታ ክፍሉና በየስብሰባው ለሌላው የሚያየው ዓይን እኛው ነን። አንድ ተማሪ በፊታችን «ነገ እነግራችኋለሁ» ብሎ ሳያፍር ሊቀመጥ የሚችል ከሆነ፣ እርሱም አድጓል፤ እኛም አድገናል።