የጀልባዋ ሊብሬ ከየት ይውጣ?

በሞናኮ ወይም በፍሎሪዳዋ ፎርት ላውደርዴል ወደብ ዳር ሲንሸራሸር የቅንጦት ጀልባዎችን ከኋላቸው ለሚያነብ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል። ከጀልባዋ ስም ሥር የተመዘገበችበት ወደብ ይጻፋል፤ ከሚደጋገሙት ስሞች አንዱ «ቢኪኒ» ነው። ቢኪኒ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል የምትገኝ፣ የማርሻል ደሴቶች አካል የሆነች የኮራል ደሴት ናት። አሜሪካ ነዋሪዎቿን አስነሥታ ከ1946 እስከ 1958 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) 23 የኑክሌር ሙከራዎች አድርጋባታለች። ባለአገሮቹ ዛሬም ተመልሰው አልሰፈሩባትም። ስሟን ከተሸከሙት ጀልባዎች መካከል በሩቁ እንኳ ያየቻት መኖሯን እጠራጠራለሁ። መዝገቡን የሚያስተዳድረው ድርጅትም ዋና ቢሮው ሬስተን፣ ቨርጂኒያ ነው። የላይቤሪያ መርከቦች መዝገብ ዋና ቢሮ ደግሞ እዚያው አቅራቢያ፣ ደለስ ነው። ወደ ደለስ አየር ማረፊያ መንገደኛ ሲያመላልሱ የሚውሉ የአገራችን ልጆች ከዓለም ግዙፍ የመርከብ መዝገቦች የሁለቱን ደጃፍ ሳያውቁት ያልፋሉ ማለት ነው።

ይህን ያነሣሁት አንድ ወዳጄ ስለጠየቀኝ ነው። ሃምቡርግ ከ30 ዓመት በላይ ኖሯል፤ ፓስፖርቱ የጀርመን ነው፤ ጡረታው ተቃርቧል። ያገለገለች 11 ሜትር የሸራ ጀልባ ከክሮኤሺያ ሊገዛ አስቦ ደወለልኝና «ስማ፣ ግብር የማያስከፍለው የማን ባንዲራ ነው?» አለኝ። ብዙ ጀልባ ገዢ የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ግብር የሚከተለው ባለቤቱ የሚኖርበትን አገርና ጀልባዋ የምትውልበትን ውሃ ነው። ባንዲራ በዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ ሻጮቹ ከሚያወሩት እጅግ ያነሰ ነው።

ምዝገባ ምን እንደሆነ እናስቀድም። ከየትኛውም አገር የባሕር ክልል ውጭ ባለች ጀልባ ላይ የሚሠራው ሕግ የተመዘገበችበት አገር ሕግ ነው። የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 91 ማንኛውም አገር ለመርከብ ዜግነቱን የሚሰጥበትን መመዘኛ ራሱ እንዲያወጣ ይፈቅዳል፤ አስከትሎም በአገሩና በመርከቧ መካከል «እውነተኛ ትስስር» ይኑር ይላል። ትስስሩ እውነተኛ የሚሆነው ምን ሲያሟላ እንደሆነ ግን አልነገረንም። የባንዲራ ገበያ የቆመው በዚህች ክፍተት ላይ ነው። ገበያው ግን ከስምምነቱ ይቀድማል። አሜሪካ መጠጥ በከለከለችበት ዘመን፣ በ1922፣ ሪላያንስና ሬዞሉት የተባሉ ሁለት የመንገደኛ መርከቦች ወደ ፓናማ ባንዲራ ዞሩ። ከምክንያቶቹ ዋነኛው ለተሳፋሪ መጠጥ መቅዳት መቻል ነበር።

ወደ ወዳጄ ግብር እንመለስ። ጀልባዋ አዲስ ብትሆንና ዋጋዋ 200,000 ዩሮ ቢሆን፣ የክሮኤሺያ ቫት 25 በመቶ፣ የጀርመን 19፣ የማልታ 18 ነው። አንድ ሰው ይህን አይቶ «እንግዲያው የማልታ ባንዲራ!» ሊል ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ግን ከ7.5 ሜትር የምትበልጥን አዲስ ጀልባ በተለየ ዐይን ያያታል። ሥራ ከጀመረች ሦስት ወር ያልሞላት ወይም ከ100 ሰዓት በላይ ያልተነዳች ከሆነች፣ ቫቱ የሚከፈለው በምትሄድበት አገር ነው። ጀርመን ከገባች 38,000 ዩሮ ለጀርመን ነው፤ ከኋላዋ ቫሌታ ይጻፍ ሃምቡርግ ለውጥ የለውም። ያገለገለችና ቫቷ አንዴ የተከፈለባት ጀልባ ከግለሰብ ስትገዛ ደግሞ እንደገና ቫት የለባትም። እዚያ ላይ ዋናው ነገር ያ ቫት በእርግጥ መከፈሉን የሚያሳየው ወረቀት ነው።

ባንዲራው በቫት ላይ ቁም ነገር የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ። ባለቤቱ ከኅብረቱ ውጭ የሚኖር፣ ጀልባዋም ከኅብረቱ ውጭ የተመዘገበች ከሆነች፣ ቫት ሳትከፍል እስከ 18 ወር በአውሮፓ ውሃ ላይ መቆየት ትችላለች። ዱባይ የሚኖር ሰው የካይማን ደሴቶችን ባንዲራ ሰቅሎ በጋውን በግሪክ ደሴቶች ያሳልፋል፤ ጊዜው ሳያልቅ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ሞንቴኔግሮ ወጣ ብሎ ይመለሳል፤ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምርለታል። የሃምቡርጉ ወዳጄ ያንኑ የካይማን ባንዲራ ቢሰቅል ግን ነዋሪነቱ ጀርመን ስለሆነ ጉምሩክ ባገኘው ቀን ሙሉውን ይጠየቃል። አንድ ዓይነት ጨርቅ፣ ሁለት የተለያዩ ባለቤቶች፣ ሁለት የተለያዩ ሒሳቦች። ማልታ ራሷ በሊዝ ስልት የቫቱን ክብደት ለትልልቅ ጀልባዎች እስከ 5.4 በመቶ ዝቅ ታደርግ ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን በመጋቢት 2018 ማልታን፣ ቆጵሮስንና ግሪክን በዚሁ ጉዳይ የሕግ ጥሰት ሂደት ከፈተባቸው። ያም ቢሆን የሊዝ ዘዴ እንጂ የባንዲራ ዘዴ አልነበረም።

አሜሪካ ውስጥ ተመሳሳዩ ወሬ የሚወራው በዴላዌር ስም ነው። ዴላዌር የሽያጭ ታክስ የላትም፤ ነዋሪዋ ያልሆነም ሰው ጀልባውን ያስመዘግብባታል። ከሜይን እስከ ፍሎሪዳ «ዊልሚንግተን» የሚል ጽሑፍ የማይታይበት ወደብ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ጀልባዋ የምትቆምበት ግዛት ግን የመጠቀሚያ ታክሱን ከመጠየቅ አይመለስም። በ2010 የማሳቹሴትሱ ሴናተር ጆን ኬሪ ኒውዚላንድ ያሠሯት 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የምታወጣ ጀልባ ለጀልባ የሽያጭ ታክስ በማይጠየቅባት በሮድ አይላንድ ቆማ መገኘቷ ሲወራ፣ በመጨረሻ 500,000 ዶላር ገደማ ለማሳቹሴትስ እከፍላለሁ አሉ። ሕጉ ያስገድዳቸው ነበር ወይስ አያስገድዳቸውም የሚለው ክርክር ሳይጠራ ፖለቲካው ቀደመው። ፍሎሪዳ ደግሞ ነገሩን ገበያ በሚያውቅ ሰው ዐይን አየችው። ከ2010 ጀምሮ ለአንድ ጀልባ የሚከፈለው የሽያጭ ታክስ ከ18,000 ዶላር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጀችለት። ባለጀልባው ከሚሸሽ ጥቂት ከፍሎ ይቅር፣ የጥገናውና የቀለሙ፣ የነዳጁና የማሪናው ገንዘብ እዚሁ ይውደቅ ነው ሐሳቡ።

ይህ ሐሳብ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ለማየት ጣሊያንን መጠየቅ ነው። በታኅሣሥ 2011 አገሪቱ በዕዳ በተጨነቀችበት ሰሞን፣ የማሪዮ ሞንቲ መንግሥት ከ10 ሜትር በላይ በሆኑ ጀልባዎች ላይ የቀን ኪራይ የሚመስል ግብር ጣለ። ከትንሿ በቀን 5 ዩሮ፣ ከግዙፏ በቀን 703 ዩሮ። የማንም ባንዲራ ቢሰቀልባት፣ በጣሊያን ውሃ እስከቆመች ትከፍላለች። ግብሩ ገና ሳይጀመር ጀልባዎቹ ገመዳቸውን ፈትተው ወደ ክሮኤሺያ፣ ወደ ስሎቬኒያና ወደ ኮርሲካ ሄዱ። በ2012 መጀመሪያ መንግሥት ሐሳቡን ቀይሮ ግብሩን በጣሊያን ነዋሪዎች ላይ ብቻ አደረገው፤ በ2013 ትንንሾቹን ማረ፤ ከ2016 ጀምሮ ጨርሶ ሰረዘው። የኢኮኖሚ ተማሪ በመጽሐፍ የሚማረውን የግብር ሸክም ትምህርት እዚህ በዐይኑ ያየዋል። ጀልባ ቤት አይደለችም፤ ትነሣለች። መነሣት የማይችለው ማሪናው ውስጥ ገመድ የሚይዘው ልጅ፣ የሞተር ጠጋኙና የወደቡ ምግብ ቤት ባለቤት ነው።

አሜሪካም በዚህ ተፈትናለች። ከጥር 1991 ጀምሮ ከ100,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ አዲስ ጀልባ ከዚያ በላይ ባለው ዋጋ ላይ 10 በመቶ የቅንጦት ግብር ይክፈል ተባለ። ሀብታሙ አሮጌ ገዛ፣ ወይም ግዢውን አዘገየ። በጀልባ መሥሪያዎቹ አናጺና ቀለም ቀቢ ከሥራ ወጣ፤ ግብሩ በ1993 ተነሣ። ለፍርድ ያህል፣ ጥፋቱ ሁሉ የግብሩ አልነበረም፤ ኢኮኖሚውም በዚያው ሰሞን ቀዝቅዞ ነበር። ግብር የሚጠሉ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ ይህችን ክፍል ይዘልሏታል።

እንግዲህ ባንዲራ ግብር ካላስቀረ፣ ሰው ለምን ይመርጣል? በእኔ ግምት ከሁሉ የሚከብደው መልስ ባንክ ነው። በእኛ አነጋገር ታርጋና ሊብሬ ይለያያሉ፤ በጀልባም እንዲሁ ነው። እንግሊዝ ከ24 ሜትር በታች ለሆኑ ጀልባዎች ክፍል ሦስት የሚባል ቀላል መዝገብ አላት። ክፍያው ትንሽ ነው፤ ባንዲራ ለመስቀል ይበቃል፤ የባለቤትነት ማስረጃ ግን አይሆንም። ክፍል አንድ የሚባለው መዝገብ የባለቤትነቱን ሐረግ ያጣራል፤ የባንክንም የመያዣ መብት ይመዘግባል። ለጀልባዋ ብድር የሚፈልግ ሰው ታርጋውን ብቻ ይዞ ባንክ ቢሄድ የሚያበድረው አያገኝም። ከነሐሴ 2020 ጀምሮ ፖላንድ ከ24 ሜትር በታች ለሆኑ ጀልባዎች የከፈተችው መዝገብ በብዙ አውሮፓውያን የተወደደውም በቀላልነቱ ነው። አንዴ ተከፍሎ ያበቃል፤ እንደ ቦሎ በየዓመቱ ይታደስ የሚል ጣጣ የለበትም። ለሰላማዊ የሳምንት መጨረሻ መርከበኛ ይበቃል፤ ለትልቅ ብድር ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው መልስ የሚታየው በክፉ ቀን ነው። በነሐሴ 2024 ሲሲሊ ዳርቻ የሰጠመችው ቤይዥያን 56 ሜትር ነበረች። ጣሊያን ተሠርታለች፤ ባለቤቷ በማን ደሴት የተቋቋመ ኩባንያ ነበር፤ ባንዲራዋ የእንግሊዝ። ሰባት ሰው ሞተ። አደጋው የደረሰው በጣሊያን ውሃ፣ የወንጀል ምርመራውም የጣሊያን ዐቃቤ ሕግ ቢሆንም፣ የአደጋውን መንሥኤ ለመመርመር የእንግሊዝ የባሕር አደጋ መርማሪ ቢሮ የተነሣው በባንዲራዋ ምክንያት ነው። አማዲያ የተባለችው 106 ሜትር ጀልባ ደግሞ የካይማን ባንዲራ ሰቅላ ሳለ በ2022 ፊጂ ላይ በአሜሪካ ጥያቄ ተይዛለች። በዚያ ዓመት ማዕቀብ የወደቀባቸው የሩሲያ ባለሀብቶች እንዳዩት፣ ሩቅ ደሴት ላይ መመዝገብ መደበቂያ አልሆነም። ካይማን የብሪታንያ ግዛት ናት፤ ለንደን የጣለችው ማዕቀብ እዚያም ይሠራል። ከመዝገብ የተሰረዘች ጀልባ አገር የላትም፤ አገር የሌላትን ደግሞ ኢንሹራንስም ወደብም ይሸሻታል።

ባሕር የሌለው አገርስ? ይህ ለእኛ የቅርብ ጥያቄ ነው። የ1921ዱ የባርሴሎና መግለጫ ባሕር የሌላቸው አገሮችም ባንዲራቸውን በባሕር ላይ የመስቀል መብት እንዳላቸው አረጋግጧል። ስዊዘርላንድ በ1941፣ በጦርነቱ መካከል፣ መርከቦቿን በባዝል ስም መዝግባ ባሕር ገባች፤ የመዝናኛ ጀልባዎችም ዛሬ ባንዲራዋን ይሰቅላሉ። ሉክሰምበርግ ከ1990 ወዲህ መዝገብ አላት። ሞንጎሊያ በ2003 የከፈተችው መዝገብ የሚሠራው ከሲንጋፖር ነው። ኢትዮጵያ የባሕር ሕጓን ያወጣችው በ1960፣ የመርከብ ድርጅቷን ያቋቋመችው በ1964 ነው፤ ከ1993 በኋላ ወደብ አልባ ሆናም መርከቦቿ ባንዲራዋን ሰቅለው ይጓዛሉ። ታዲያ አንዳንድ ሰው «እኛስ ለፈረንጅ ጀልባዎች ባንዲራ ሸጠን ዶላር ብናገኝ?» ይላል። አይጠላም፤ ግን የሚሸጠው ጨርቁ አይደለም። ሌሊት በስምንት ሰዓት ስልክ የሚያነሣ መዝጋቢ፣ የመያዣ መብትን ባንኮች በሚያምኑት ፍጥነት የሚያስከብር ፍርድ ቤት፣ በየወደቡ የሚደርስ መርማሪ ነው። እነዚህ በሌሉበት የሚመጣው ደንበኛ ሌላ አገር የማይቀበለው ይሆናል።

ወዳጄን «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» አልኩት። ጀርመን ነዋሪ፣ የጀርመን ፓስፖርት፤ ከ15 ሜትር በታች ለሆነች ጀልባ ጀርመን የመርከብ መዝገብ ግባ ብላ አታስገድድም፤ የባንዲራ ምስክር ወረቀት ሃምቡርግ ካለው የባሕር ቢሮ ይወጣለታል። ካይማንን ረስቶ ሻጩን ሦስት ወረቀት እንዲጠይቅ ነገርኩት፦ ከክሮኤሺያ መዝገብ መሰረዟን የሚያሳይ፣ የባንክ ዕዳ እንደሌለባት የሚያሳይ፣ ቫቷ መከፈሉን የሚያሳይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሳምንት ተገኙ። ሦስተኛው አልተገኘም። ጀልባዋ ክሮኤሺያ የገባችው በ2006 ነው፤ ክሮኤሺያ ኅብረቱን የተቀላቀለችው ሐምሌ 1 ቀን 2013 ነው፤ በዚያች ቀን ቫት ሳይከፍሉ በጊዜያዊ መግቢያ የቆሙ ጀልባዎች ቫት እንደተከፈለባቸው አይቆጠሩም። ሻጩ «ወረቀቱ ከቀድሞው ባለቤት ዘንድ ነው፣ ይመጣል» ይላል። ወዳጄ ቀብድ አልከፈለም፤ ስልክ እየጠበቀ ነው።